የወርቃማው ቡድን ገጣጣሚ ጉስታቭ ሼበሽ

ስለ 1950ዎቹ የሀንጋሪ ብሔራዊ ቡድን ሲወራ ቀድሞ የሚጠራው ፌሬንጽ ፑሽካሽ ነው። ቀጥሎ በቴስታ የሚደርስበት ያልነበረው ሻንዶር ኮቺሽ ይነሳል። ትንሽ ጠለቅ ያለ የኳስ አፍቃሪ ደግሞ 9 ቁጥር ለብሶ እንደ አማካይ ይጫወት ስለነበረው ናንዶር ሂደግኩቲ ያወጋችኋል። አሰልጣኙስ ማን ነበሩ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። ጉስታቭ ሼበሽ የሚለው ስም እንደ ተጨዋቾቹ ስም ከአፍ አይወጣም።

በሀገራቸው በሀንጋሪ ስማቸው ይታወቃል፤ ግን ያከራክራል። አንዱ ወገን ታክቲኩ የማርተን ቡኮቪ እንጂ የሼበሽ አይደለም ይላል። ሌላው እነ ፑሽካሽን ይዞ ማንም አሰልጣኝ ያሸንፍ ነበር ባይ ነው። ሶስተኛው ደግሞ ቡድኑን የሰራው የዘመኑ ኮሚዩኒስት መንግስት ነው፤ ሰውየው ሹመኛ ብቻ ነበሩ ይላል። ሶስቱም ወገኖች ጨርሰው አልተሳሳቱም። ታዲያ ለሼበሽ ምን ተረፋቸው? መልሱን ለማግኘት ከህይወታቸው መነሳት ያስፈልጋል።

ከሬኖ ፋብሪካ ወደ ቡዳፔስት

ሼበሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1906 በቡዳፔስት ከአንድ ጫማ ሰሪ ቤት ተወለዱ። ሲወለዱ የቤተሰቡ ስም ሻረንፔክ ነበር። በኋላ የያዙት ሼበሽ የሚለው ስም በሀንጋሪኛ ፈጣን ማለት ነው። በወጣትነታቸው እንጀራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሄደው ቢያንኩር በሚገኘው የሬኖ መኪና ፋብሪካ በገጣጣሚነት ሰሩ። ከስራ መልስ ለፋብሪካው ቡድን ኳስ ይጫወታሉ፤ በሰራተኛ ማህበሩም ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ኳስና ፖለቲካ በህይወታቸው አንድ ላይ የተጋመዱት ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ቡዳፔስት ተመልሰው በዚያ ዘመን ሁንጋሪያ ይባል ለነበረው ኤምቲኬ ፈረሙ። ከክለቡ ጋር ሶስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ የሀንጋሪ ዋንጫንም አንስተዋል። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉት ግን እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባጭሩ ትጉ የክለብ ተጨዋች እንጂ ኮከብ አልነበሩም።

የተጫወቱበት ክለብ ግን ቀላል ክለብ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጂሚ ሆጋን የሚባሉ እንግሊዛዊ አሰልጣኝ በጠላት ሀገር ዜግነታቸው ኦስትሪያ ላይ ተይዘው ከቆዩ በኋላ ወደ ቡዳፔስት ተሻግረው ኤምቲኬን አሰልጥነው ነበር። ሆጋን ለሀንጋሪዎች ያስተማሩት ኳስን ሜዳ ላይ አንከባሎ መቀባበልን ነው። ሀገራቸው እንግሊዝ ግን ለትምህርታቸው ብዙም ቦታ አልሰጠችውም። እንግሊዝ ይህን የናቀችውን ትምህርት ከብዙ ዓመት በኋላ ዌምብሌይ ላይ በሰው እጅ ታገኘዋለች።

ሁለት ክለብ፣ አንድ ብሔራዊ ቡድን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀንጋሪ በኮሚዩኒስቶች እጅ ገባች። የድሮው የሰራተኛ ማህበር ሰው ሼበሽ ለአዲሱ መንግስት የሚታመኑ ነበሩና ምክትል የስፖርት ሚኒስትር ሆኑ፤ የሀገሪቱን ኦሎምፒክ ኮሚቴም መሩ። ብሔራዊ ቡድኑን በመጀመሪያ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በኮሚቴ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1949 ግን ሙሉ ኃላፊነቱ የእሳቸው ብቻ ሆነ።

ሼበሽ አንድ ነገር አጥንተው ነበር። በ1930ዎቹ አውሮፓን ያንቀጠቀጡት የኦስትሪያና የጣሊያን ቡድኖች ብዙዎቹን ተጨዋቾቻቸውን የሚመርጡት ከአንድና ከሁለት ክለቦች ነው። በየሳምንቱ አብሮ የሚጫወት ሰው ብሔራዊ ቡድን ሲመጣ አዲስ አይሆንም። ሌሎች አሰልጣኞች ይህን ቢመኙ ምኞት ሆኖ ይቀር ነበር። ሼበሽ ግን ስልጣን ነበራቸው።

ክለቦች በመንግስት መስሪያ ቤቶች ስር ሲደለደሉ ፑሽካሽና ጎረቤት አደጉ የሆነው ዮዜፍ ቦዢክ የሚጫወቱበት የሰፈር ክለብ ኪሽፔሽት የጦር ሰራዊቱ ክለብ ተደርጎ ሆንቬድ ተባለ። ሰራዊቱ ደግሞ ወጣቱን ሁሉ ለውትድርና መጥራት ይችላል። እናማ ተጨዋች መግዛት አላስፈለገም፤ ዘመቻ መጥራት ይበቃል። ኮቺሽና ቡዳይ ከፈረንስቫሮሽ መጡ። ግብ ጠባቂው ጁላ ግሮሺችና ተከላካዩ ጁላ ሎራንት ተከተሉ፤ ቆይቶም ፈጣኑ የግራ ክንፍ ዞልታን ጺቦር ተጨመረ። ኤምቲኬ ደግሞ ለሚስጥር ፖሊሱ ተሰጠ። ከቋሚዎቹ 11 ውስጥ ከሁለቱ ክለቦች ውጪ የሆነው የዶሮጉ ቀኝ ተከላካይ ዬኖ ቡዛንስኪ ብቻ ነበር።

የዚህን ነገር ሌላ ገጽታ መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1951 ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተው የኡይፔሽት ተከላካይ ሻንዶር ሲዩች ከሀገር ሊኮበልል ሲል ተይዞ በስቅላት ተቀጣ። ወርቃማው ቡድን የተገጣጠመው በእንዲህ ዓይነት ሀገር ውስጥ ነው። ተጨዋቾቹ ከተራው ሰው የተሻለ ይኖሩ ነበር፤ የአጥሩን ድንበር ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ማን ምን ይሰራል?

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ዓለም የሚጫወተው ደብሊው ኤም በሚባለው አሰላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ህግ ተሻሽሎ በአጥቂውና በጎሉ መሐል መኖር ያለባቸው ተጋጣሚዎች ከሶስት ወደ ሁለት ሲቀንሱ ጎል እንደ ጉድ በዛ። በዚያው ዓመት አርሰናልን የያዙት ኸርበርት ቻፕማን የመሐል አማካዩን ወደ ኋላ ስበው ስቶፐር አደረጉት። ሶስት ተከላካይ፣ ከፊታቸው ሁለት አማካይ፣ ቀጥሎ ሁለት የውስጥ አጥቂ፣ ጫፍ ላይ ሶስት አጥቂ። ሁለት ቡድኖች በዚህ አሰላለፍ ሲገናኙ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰው አለው። ስቶፐሩ 9 ቁጥሩን ይይዛል፤ ጨዋታው የጥንድ ጥንድ ትግል ይሆናል።

ይህን ቀመር ያፈረሰው ሀሳብ የተወለደው ኤምቲኬ ውስጥ ነው፤ አባቱም ቡኮቪ ናቸው። ክለቡ ጉልበተኛውን የፊት አጥቂ ኖርበርት ሆፍሊንግን ለላዚዮ ሲለቅ ቡኮቪ ተመሳሳይ ሰው አጡ። የሌለ ሰው ከመፈለግ ያለውን መጠቀም ይሻላል ብለው 9 ቁጥሩን ወደ አማካይ አወረዱት። መጀመሪያ ፔተር ፓሎታሽ፣ ቀጥሎ ሂደግኩቲ ይህን ቦታ ተጫወቱበት። ስለዚህ ታክቲኩ የቡኮቪ ነው የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው።

ሼበሽ ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ከቦታው ሲነሳ የሌሎቹ 10 ሰዎች ስራ እንዴት መለወጥ እንዳለበት አሰቡ። የሬኖው ገጣጣሚ አንድ ብሎን ሲነካ ማሽኑ ሁሉ እንደሚነካ ያውቃሉ።

ከኋላ እንጀምር። ግሮሺች መስመሩ ላይ ተተክሎ የሚቀር በረኛ አልነበረም። ከተከላካዮቹ ጀርባ የሚወረወረውን ረጅም ኳስ ከክልሉ ወጥቶ በእግሩ ያጸዳል፤ ኳስ ሲይዝም ዝም ብሎ አይጠልዝም፤ ለቅርብ ሰው በእጁ ይወረውራል። ዛሬ የማንቸስተር ሲቲን ወይም የሊቨርፑልን በረኛ ስናይ የምናደንቀውን ስራ ያኔ ይሰራው ነበር።

ቡዛንስኪ በቀኝ፣ ሚሃይ ላንቶሽ በግራ፣ ሎራንት መሐል ላይ ናቸው። ከላይ ሲታይ ተራ የሶስት ሰው መከላከል ነው። ግን በወረቀት ላይ የግራ አማካይ የሚባለው ዮዜፍ ዛካሪያሽ ኳስ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ቡድኑ ሲያጠቃም ከሎራንት ጎን አይርቅም። በተግባር ተከላካዩ አራት ሆነ ማለት ነው። የዛካሪያሽን ስም ከአድናቂዎች አፍ ብዙም አትሰሙትም። እሱ ባይኖር ግን ከፊቱ ያለው ቦዢክ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም ነበር።

ቦዢክ ቀርፋፋ ነው፤ ሩጫ ላይ ማንም ይቀድመዋል። ጭንቅላቱን ግን ማንም አይቀድመውም። ጀርባውን ዛካሪያሽ ስለሚጠብቅለት ወደ ፊት ወጥቶ ኳስ ያከፋፍላል፤ ጎልም ያገባል። ከሱ ፊት ሂደግኩቲ አለ። 9 ቁጥር ለብሶ ወደ መሐል ሜዳ ይወርዳል፤ ኳስ ተቀብሎ ዞሮ ጨዋታውን ይሰራል፤ ዘግይቶ ሲገባ ደግሞ ራሱ ጎል ያገባል። ሂደግኩቲ በለቀቀው ቦታ ሁለቱ የውስጥ አጥቂዎች ፑሽካሽና ኮቺሽ ይገቡበታል። ፑሽካሽ በግራ እግሩ፣ ኮቺሽ በቴስታ። እውነተኞቹ የፊት አጥቂዎች 8 እና 10 ቁጥሮቹ ነበሩ።

ክንፎቹም ስራቸው አንድ አይደለም። ላስሎ ቡዳይ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ እየተመለሰ ኳስ የሚያቀብል፣ መስመሩን የሚጠብቅ ሰራተኛ ነው። ጺቦር ግን በግራ በኩል መስመር አይወስነውም፤ አንዴ ውስጥ አንዴ ውጪ እያለ ተከላካይ ያሳብዳል።

የዘመኑ ባለስልጣናት ይህን ሶሻሊስት እግር ኳስ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ሁሉም እኩል ይሸከማል፣ ሁሉም የሁሉንም ስራ ያውቃል በሚል። የፖለቲካውን ቅብ አራግፈን ብናየው የቀረው እውነት ይህ ነው፦ ቡድኑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነፃነት የሌላ ሰው ግዴታ ያለበት ነበር። ሂደግኩቲ የሚወርደው ኮቺሽ ስለሚገባ ነው፤ ቦዢክ የሚወጣው ዛካሪያሽ ስለሚቆይ ነው፤ ጺቦር የሚፈነጨው ቡዳይ ስለሚጠብቅ ነው።

ከሄልሲንኪ ወደ ዌምብሌይ

እ.ኤ.አ. በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ሀንጋሪ ሮማኒያን፣ ጣሊያንን፣ ቱርክን አሸንፋ በግማሽ ፍፃሜው ስዊድንን 6ለ0 ስትዘርር የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ዋና ጸሐፊ ስታንሊ ራውስ እዚያው ሆነው ቡድኑን ወደ ዌምብሌይ ጋበዙ። ሼበሽ ከቡዳፔስት ፈቃድ ሳይጠብቁ እሺ አሉ። ፍፃሜውን ዩጎዝላቪያን 2ለ0 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በርን ከተማ ውስጥ ከስዊዘርላንድ ጋር ሲጫወቱ 2ለ0 ተመሩ። ሼበሽ ፓሎታሽን አስወጥተው ሂደግኩቲን አስገቡ፤ ጨዋታው 4ለ2 ተገለበጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ቦታው የሂደግኩቲ ሆነ።

ለዌምብሌይ የተደረገው ዝግጅት የሼበሽን ባህሪ በደንብ ያሳያል። ቀድመው ለንደን ሄደው የሜዳውን ስፋት አዩ፤ ኳስ ሳሩ ላይ እንዴት እንደምትነጥር ሞከሩ። እንግሊዞች የሚጫወቱባቸውን ኳሶች ከራውስ ለምነው ወደ ቡዳፔስት ይዘው ተመለሱ። የዌምብሌይን ልክ የያዘ ሜዳ አዘጋጅተው አለማመዱ። የልምምድ ተጋጣሚ ክለቦችንም በእንግሊዝ ስልት ተጫወቱልን አሏቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ከጨዋታው 10 ቀን በፊት ቡዳፔስት ላይ ከስዊድን ጋር 2ለ2 ሲወጡ የገዛ ተመልካቻቸው ጮኸባቸው። ወደ ለንደን በባቡር ሲሄዱ ሼበሽ ፓሪስ ላይ ቡድኑን አቆሙና ከማን ጋር አጫወቱት መሰላችሁ? ከድሮው ፋብሪካቸው ከሬኖ ቡድን ጋር! የጎል ናዳ ወረደ፤ ተጨዋቾቹም ልባቸው ተመለሰ።

ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ከ100 ሺህ በላይ ህዝብ ዌምብሌይን ሞልቷል። እንግሊዝ በሜዳዋ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች ውጪ በመጣ ቡድን ተሸንፋ አታውቅም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሂደግኩቲ ከሳጥኑ ጫፍ አክርሮ መታና ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች።

የእንግሊዙ ስቶፐር ሃሪ ጆንስተን መከራውን አየ። ሂደግኩቲን ተከትሎ ሲወጣ ጀርባው ባዶ ይሆንና ፑሽካሽና ኮቺሽ ይገቡበታል። ቦታው ላይ ሲቆም ደግሞ ሂደግኩቲ መሐል ሜዳ ላይ የሚነካው ሰው ሳይኖር እንደልቡ ይሆናል። የቱንም ቢመርጥ ጎል ይመጣል። ፑሽካሽ በበኩሉ ቢሊ ራይት ተንሸራቶ ሲመጣ ኳሷን በጫማው ስር ወደ ኋላ ጎትቶ አሳለፈውና ከቅርብ ርቀት አስቆጠረ። እስከ ዛሬ የሚወራለት አብዶ ይኸው ነው። እረፍት ሲወጡ 4ለ2 ነበር። ከእረፍት መልስ ቦዢክ አንድ ጨመረ፤ ሂደግኩቲ ሶስተኛውን አገባና ሃትሪክ ሰራ። ለእንግሊዝ የመጨረሻዋን ጎል በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው የቀኝ ተከላካዩ አልፍ ራምሴ ነበር። ይኸው ሰው ከ13 ዓመት በኋላ በአሰልጣኝነት እንግሊዝን የዓለም ሻምፒዮን ያደርጋል። ውጤቱ 6ለ3።

አጋጣሚ ነው የሚሉ እንዳይጠፉ በሜይ 1954 ቡዳፔስት ላይ መልሱ ተደገመ። እንግሊዝ ከስድስት ወር በኋላም መፍትሄ አላገኘችም፤ 7ለ1 ተሸነፈች።

ገጣጣሚው ራሱ ሲበትነው

በ1954ቱ የስዊዘርላንድ የዓለም ዋንጫ ሀንጋሪን የሚያቆም አለ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ደቡብ ኮሪያን 9ለ0፣ ምዕራብ ጀርመንን 8ለ3 አሸነፉ። የጀርመኑ አሰልጣኝ ሴፕ ኸርበርገር በዚያ ጨዋታ ዋና ዋና ሰዎቻቸውን አሳርፈው ነበር። ሀንጋሪ ግን በዚያው ጨዋታ ከጎሎቹ የሚበልጥ ነገር አጣች። ተከላካዩ ቨርነር ሊብሪሽ ፑሽካሽን ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታው።

ሩብ ፍፃሜው ከብራዚል ጋር ነበር፤ ጠብ ነው ማለት ይሻላል። ሶስት ተጨዋቾች ከሜዳ ተባረሩ፤ ከነሱ አንዱ የፓርላማ አባል የነበረው ቦዢክ ነው። ከጨዋታው በኋላ በመልበሻ ክፍሎቹ አካባቢ በተነሳው ግርግር ሼበሽ ራሳቸው ፊታቸው ላይ ቆስለው ተሰፉ። ሀንጋሪ 4ለ2 አለፈች። በግማሽ ፍፃሜው በዓለም ዋንጫ ተሸንፋ የማታውቀውን ኡራጓይን በተጨማሪ ሰዓት በኮቺሽ ሁለት ቴስታዎች 4ለ2 ረታች። እነዚህን ሁለት ከባድ ጨዋታዎች ያሸነፉት ያለ ፑሽካሽ ነው።

ፍፃሜው ጁላይ 4 በርን ላይ ነው፤ ከምዕራብ ጀርመን ጋር። አሁን ሼበሽ በህይወታቸው ከባዱን ውሳኔ መወሰን ነበረባቸው። አምበሉ ፑሽካሽ ልጫወት ብሏል፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ሙሉ ለሙሉ አልዳነም። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ ቅያሪ የሚባል ነገር አይፈቀድም። ያልዳነ ሰው አስገብተህ ቢብስበት በ10 ሰው መጨረስ ነው። ሼበሽ አሰለፉት። በዚህ ላይ በግማሽ ፍፃሜው የተጫወተውን ቡዳይን አስቀመጡት። ጺቦርን ከለመደው ግራ መስመር አንስተው ወደ ቀኝ ወሰዱት፤ በግራ ሚሃይ ቶትን አስገቡ። ሀሳቡ የጀርመንን ግራ ተከላካይ በጺቦር ፍጥነት መፈተን ነበር።

በስምንት ደቂቃ ውስጥ ፑሽካሽና ጺቦር አገቡና 2ለ0 ሆነ። ውሳኔው ትክክል መሰለ። ወዲያው ማርሎክ አንድ፣ ኸልሙት ራን ሌላ አገቡ፤ በ18ኛው ደቂቃ እኩል ሆኑ። ዝናብ ይዘንባል፣ ሜዳው ጨቅይቷል። ጀርመኖች ከእንግሊዞች ተምረዋል። ሂደግኩቲን ስቶፐሩ ሳይሆን አማካዩ ሆርስት ኤክል እንዲከተለው አድርገዋል፤ ስቶፐሩ ቦታውን አይለቅም። ለጆንስተን የጠፋው መልስ ተገኘ ማለት ነው።

ሀንጋሪዎች ቋሚና አግዳሚ መቱ፤ በረኛው ቱሬክ ያልሆነው የለም። በ84ኛው ደቂቃ ራን ደገመና 3ለ2 ሆነ። ሊያልቅ ሲል ፑሽካሽ አቻ የምታደርግ ጎል አገባ፤ ዌልሳዊው መስመር ዳኛ ግሪፊትስ ባንዲራ አነሳ፣ ኦፍሳይድ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሼበሽን ለመውቀስ መቸኮል አያስፈልግም። ፑሽካሽ በግማሽ እግሩም አንድ አግብቷል፤ ሁለተኛውም ለጥቂት ነው። ቋሚው ባይመልስ ይህን ሁሉ አንጽፍም ነበር። ነገር ግን አንድ እውነት አለ። አራት ዓመት ሙሉ ሼበሽ ያሸነፉት ማንም ሰው ከስርዓቱ አይበልጥም ብለው ነበር። በመጨረሻው ቀን አንድን ሰው ከስርዓቱ አስቀደሙ፤ የክንፎቹንም ሚዛን ነኩ። ያለ ፑሽካሽ ብራዚልንና ኡራጓይን ያሸነፈውን ማሽን ለፍፃሜው እንደገና ፈቱት። ማንኛውም አሰልጣኝ እንደዚያ ያደርግ ይሆናል። ፑሽካሽን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቢሸነፍ ማን ይምረዋል?

የወደቀ ግንድ

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ቡዳፔስት ላይ ህዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። በአምባገነን መንግስት ስር እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በረኛው ግሮሺች በስለላ ተጠርጥሮ ከጨዋታ ታገደ። ሼበሽ በስልጣናቸው ቆዩ፤ ቡድኑም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አልተሸነፈም። ግን አንዴ የጠፋ አመኔታ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ በቱርክ፣ ቀጥሎ በሜዳቸው በቼኮዝሎቫኪያ ተሸነፉ፤ በጁን ወር በቤልጂየም 5ለ4 ሲረቱ ሼበሽ ተሰናበቱ። ቦታቸውን ማን ያዘ? የ9 ቁጥሩ ሀሳብ አባት ማርተን ቡኮቪ!

ቁጥሩን አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ከሜይ 1950 አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ 1956 ድረስ ሀንጋሪ በይፋዊ ጨዋታዎች የተሸነፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ አንዱ ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ሆነ።

በኦክቶበር 1956 ህዝባዊ አመፅ ተነሳ፤ የሶቭየት ታንኮች ቡዳፔስት ገቡ። በዚያ ወቅት ሆንቬድ ከአትሌቲክ ቢልባዎ ጋር ለሚያደርገው የአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ውጪ ነበር። ፑሽካሽ፣ ኮቺሽና ጺቦር አልተመለሱም። ፑሽካሽ ለሪያል ማድሪድ፣ ሁለቱ ለባርሴሎና ተጫወቱ። ሼበሽ በውትድርና ስም የሰበሰቡት ቡድን በጦር ተበተነ። የሚገርመው ኮቺሽና ጺቦር እ.ኤ.አ. በ1961 ለባርሴሎና የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ የተጫወቱት በዚያው በርን፣ በዚያው ቫንክዶርፍ ስታዲየም ነው። ሁለቱም ጎል አገቡ፤ ባርሴሎና በቤንፊካ 3ለ2 ተሸነፈ። ያው ሜዳ፣ ያው ውጤት።

ሼበሽ ሀገራቸውን አልለቀቁም። የዩኤፋ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሰርተዋል፤ ሆንቬድንና ኡይፔሽትን ጨምሮ የሀገራቸውን ክለቦች አሰልጥነዋል። የድሮው ግን ዳግም አልመጣም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1986 በ80 ዓመታቸው ቡዳፔስት ውስጥ አረፉ። ከአራት ወር በኋላ ሀንጋሪ ሜክሲኮ ላይ በዓለም ዋንጫ ተሰለፈች፤ በሶቭየት ህብረት 6ለ0 ተቀጣች። ከዚያ ወዲህ ለዓለም ዋንጫ አልፋ አታውቅም።

ለሼበሽ የሚገባው

ወደ ተነሳንበት ክርክር እንመለስ። ሀሳቡ የቡኮቪ ነው፤ እግሩ የነ ፑሽካሽ ነው፤ ኃይሉ የመንግስት ነው። ሼበሽ ራሳቸው አንዱንም አልፈጠሩም። ግን ቡኮቪ ሀሳቡን በክለብ ደረጃ ብቻ ነበር የሞከሩት። ሌሎች የኮሚዩኒስት መንግስታትም ተጨዋች በትዕዛዝ ይሰበስቡ ነበር፤ አንዳቸውም ዌምብሌይ ላይ ስድስት አላገቡም። ተሰጥኦ ያላቸው ተጨዋቾች ተሰብስበው ሳይገጥሙ የቀሩበትን ቡድን ደግሞ በየዓመቱ እናያለን። የሼበሽ ስራ ማን ሲሄድ ማን እንደሚቆይ መወሰን ነበር። ይህ ስራ ደግሞ ከስታዲየም ወንበር ላይ ሆኖ አይታይም፤ ለዚህም ነው ስማቸው የማይጠራው።

ስራው ግን አልሞተም። በ1958 ብራዚል በአራት ተከላካይ፣ በሁለት አማካይና በአራት አጥቂ ዓለምን ስታሸንፍ የሀንጋሪን መልክ ያዩባት ብዙ ነበሩ። ሜይ 2 ቀን 2009 ፔፕ ጋርዲዮላ ሊዮኔል ሜሲን ከክንፍ አንስቶ መሐል ላይ ሲያደርገው፣ ሜሲም ወደ አማካይ ሲወርድ፣ የሪያል ማድሪዶቹ ካናቫሮና ሜትሰልደር የሚይዙት ሰው አጡ። ባርሴሎና በርናባው ላይ 6ለ2 አሸነፈ። የሃሪ ጆንስተን ጭንቀት ከ56 ዓመት በኋላ ሌላ ሜዳ ላይ ተደገመ። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ስፔን ፋብሬጋስን ፊት ላይ አድርጋ ስትጫወት ቡድኑ አጥቂ የለውም ብለን የጮህነው ብዙዎች ነን፤ ዋንጫውን ግን ወሰደች።

አሁንም ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ውስጥ 9 ቁጥሩ ወደ መሐል ሲወርድ ምን ሊሰራ መጣ የሚል አይጠፋም። እንዲህ ሲባል እሱን ትታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። በለቀቀው ቦታ የሚገባ ሰው ካለ፣ ለሚገባውም ኋላ የሚቆይለት ካለ፣ ያ ቡድን በደንብ ተገጣጥሟል ማለት ነው። ከሌለ ደግሞ 9 ቁጥሩ የወረደው በከንቱ ነው።